ሲስተሙ ያላየው ሕዝብ

የወለል ሰም ሽታ አንድ ቀን እንዲህ ያናድደኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባለፈው ሰሞን ጂፒ ላይ፣ እኛ ስደተኛ ሐበሾች ፎቅ ለፎቅ ሱቅ በደረደርንበት መንገድ፣ የአንዱን ሕንጻ ደረጃ ስወጣ ጽዳት ሠራተኛዋ ተንበርክካ በቢጫ ሰም ስትወለውል ደረስኩ። ቆምኩ። "ባባ፣ ቀስ ይበሉ፣ ያንሸራትታል" አለችኝ። እኔ የቆምኩት መውደቅ ፈርቼ አይደለም። ያ ሽታ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ወደማውቀው የኮሌጅ አዳራሽ ይዞኝ ሄደና መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አዳራሹ ዛሬ ምን እንደሆነ ትዝ ሲለኝ አንገሸገሸኝ። የወጣሁበትን ጉዳይ እንኳ ረስቼ ተመለስኩ።

ያን ጊዜ ሱቅ የለኝም፤ ሱቄ ትከሻዬ ነበር። ከቡታጅራ እንደመጣን የምንሠራው ሥራ "ሎኬሽን መውጣት" ይባላል። ብርድ ልብስ፣ አልጋ ልብስና መጋረጃ በትልቅ ሸራ ቋጥረህ ትሸከምና ከከተማው ወጥተህ በየሎኬሽኑ፣ በየጥቁሮቹ ሰፈር፣ በር ለበር ታንኳኳለህ። ጓደኛዬ ሐጂ ከድር፣ ያኔ ሐጂ አልነበረም፣ ከድር ብቻ ነበር፣ የሚወጣው ኦሬንጅ ፋርም ነው፤ ታክሲው ጠዋት ወስዶት ሲመሽ ይመልሰዋል። የእኔ አሌክሳንድራ ነበረች። ታክሲ በሁለት ራንድ ተኩል ትሄዳለህ፣ ማግዊንያ የሚሉት የዘይት ዳቦ በሃምሳ ሳንቲም ጠግበህ ትውላለህ። ወንዶቹ ጠርዙ ዙሪያውን የተደፋ የጨርቅ ባርኔጣ ያደርጋሉ፣ ነጭ የሸራ ጫማቸውን በጥርስ ብሩሽ ያጥባሉ፤ ከየታክሲው የሚወጣው ወፍራም የሙዚቃ ምት ሆድ ውስጥ ገብቶ ይደልቃል። ፖለቲካውን ከጠየቃችሁኝ ብዙም አላስታውስም። ማን ሚኒስትር ነበር፣ ምን ሕግ ወጣ፣ ለእኛ ፔፐራችንን፣ የመኖሪያ ወረቀታችንን፣ ከማሳደስ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም። የማስታውሰው ነብር የተሣለበት ብርድ ልብስ ከሁሉ ቶሎ እንደሚሸጥ ነው።

የነብሩን ብርድ ልብስ ከገዙኝ ሴቶች አንዷ እማማ ዛነሌ ናት። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ግቢዋ ውስጥ የበግ ጭንቅላት እየጠበሰች የምትሸጥ። አንድ ሐሙስ ብርድ ልብሱን ደረቷ ላይ አጥፋ "ማይ ፍሬንድ፣ ነገ ልጄ ትጫወታለች፤ መጥተህ ታያለህ" አለችኝ። ልጇ ኖምሳ ኮሌጅ ገብታ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። እውነቱን ልናገር፣ እናት ልጇን በቁምጣ ስትሮጥ እዩልኝ ብላ መጋበዟ ገርሞኝ ነበር። ግን የደንበኛ ነገር ነውና በማግሥቱ ከነሸክሜ ሄድኩ።

አቤት ያ አዳራሽ! በር ላይ ባባ ድላሚኒ የሚባል ረጅም ዘበኛ ቆሞ ከተጠቀለለ ወረቀት ላይ ትኬት ቀድዶ ይሰጥሃል፤ አሮጊትና ሕፃን ይለፉ ብሎ እጁን ያወዛውዛል። ውስጥ ስትገባ ያ የሰም ሽታ ይቀበልሃል። መቀመጫው የእንጨት ደረጃ ነው። የሆስፒታል ነርሶች ከነዩኒፎርማቸው፣ የታክሲ ሾፌሮች ቁልፋቸውን ጣታቸው ላይ እያሽከረከሩ፣ ከአሌክሳንድራ በአንድ ታክሲ ታጭቀው የመጡ ጎጎዎች፣ እንግዲህ ጎጎ ማለት አያት ናት፣ ሁሉም ተደባልቆ ይቀመጣል። ዘፈን የሚያወጡት ጎጎዎቹ ናቸው። አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላው ይቀበላል፣ ደረጃው በእግር ሲደበደብ አዳራሹ ይናጋል። "ሃምባ ኖምሳ! ሃምባ!" ይባላል፤ ሂጂ በርቺ እንደማለት ነው። ኖምሳ ቀጭን ረጅም ልጅ ነበረች፤ ኳሱን ይዛ ስትዞር ተቃራኒዎቿ ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ። ዳኛው ያጠፋ እንደሆነ እማማ ዛነሌ ተነስታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ስለ እናቱ አስተዳደግ ትጠይቀዋለች። እኔ ሕጉን ሳላውቅ ነው ቲፎዞ የሆንኩት። መጀመሪያ ሰዎቹን ወደድኩ፣ ኋላ ጨዋታውን።

አንድ የሰኔ ዓርብ ብርዱ ልክ አልነበረውም። በእረፍት ሰዓት አንዲት ጎጎ እግሬ ሥር ያለውን ሸራ አየችና "ይሄ ሁሉ ብርድ ልብስ ታስሮ እኛ ልንሞት ነው?" አለች። መልሴን አልጠበቀችም፤ ፈታችው። አንዱ ለአንዱ እያቀበለ ሸቀጤ በሙሉ በየደረጃው ተዘርግቶ በየጉልበቱ ላይ አረፈ። ነብሩ፣ አበባው፣ ፒኮኩ፣ ሁሉም ተደርድሮ ጨዋታ ያያል። እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ ዛሬ ከስሬ ሞትኩ አልኩ። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ብርድ ልብሶቹ እኔ ካጣጠፍኳቸው በተሻለ ታጥፈው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ሙሉ ዓርብ ዓርብ ሸራዬን እዚያ የምፈታው ራሴ ነበርኩ። ባለቤቴ ወይንሸት ስትመጣም መጀመሪያ ያሳየኋት የከተማውን ፎቅ ሳይሆን ያንን አዳራሽ ነው። ልጃችን ሰላም ጀርባዋ ላይ ታዝላ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንቅልፏን ትለጥጥ ነበር። ከድርንም አመጣሁት፣ ከድር ሌላውን አመጣ፤ በኋላ በኋላ የጂፒ ሐበሻ ግማሹ ዓርብ ከሥራ ሲወጣ መገናኛው እዚያ ሆነ።

ከዚያ ምን ሆነ? ምንም። ሱቅ ያዝን። ሱቅ የያዘ ሰው ዓርብ የለውም። እኔ የብርድ ልብስ ጅምላ አከፋፋይ ሆንኩ፣ ከድር መካ ደርሶ ሐጂ ተባለ፣ ሌሎቹ ልጆች ዛንድስፕሩትና አሌክሳንድራ ሎኬሽኖች ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፈቱ። እማማ ዛነሌ ሞተች፤ ኖምሳም ተድራ ደርባን ሄደች አሉ። ኮሌጁን ሳላየው ዓመታት አለፉ። ታዲያ ሰላም አድጋ እዚያው ኮሌጅ ገባችና ያንኑ ቡድን ተቀላቀለች፤ ዘንድሮ ጭራሽ አምበል ሆነች። ቅድም በጀርባ ታዝላ የተኛችው ልጅ። የውድድሩ መጀመሪያ ቀን ልብሴን አስተኩሼ ሄድኩ።

በሩ ላይ ባባ ድላሚኒ የለም። አንድ ማሽን ተተክሏል። "ስካን" አለኝ አጠገቡ የቆመው ወጣት። ምኑን? ትኬት በስልክ ነው የሚገዛው፤ ስልኩ ፓስዎርድ ይጠይቃል፣ ፓስዎርዱ ኢሜይል ይጠይቃል። ብር ይዤ ቆሜያለሁ፤ "ካሽ አንቀበልም አንክል" ይላል። ወይንሸት ናት በስንት መከራ ሰላም ጋ ደውላ ያስገባችን። ከዚያ ኪሴን ፈተሹ። ቆሎ አገኙብኝ። ቆሎዬን ወሰዱት! የውጭ ምግብ ክልክል ነው፤ ውስጥ የአንድ ላስቲክ ውኃ ዋጋ በድሮው ማግዊንያ ቢመነዘር ሰፈር ይቀልባል። ገባን። የእንጨቱ ደረጃ ተነቅሎ የፕላስቲክ ወንበር ተተክሏል። የፊቱ ሁለት ረድፍ በገመድ ታጥሮ "ለስፖንሰር" ተብሏል፤ ስፖንሰሩ አልመጣም፣ ሌላ ሰውም አይቀመጥበትም። ሰሙ ቀርቶ ወለሉ እንደ ፋርማሲ ይሸታል። ኳሱ በቆመ ቁጥር ዲጄ የሚሉት ልጅ ሙዚቃ ይለቅና "ጩኹ! ጩኹ!" ይላል። ማን ይጩህ? ያለነው እኔ፣ ወይንሸት፣ ጥቂት የተጫዋች ጓደኞችና ስልኩ ላይ ያቀረቀረ የአንዷ ፍቅረኛ ነን። ጭስ የሚተፋ ማሽን ሳይቀር አላቸው። ለባዶ ወንበር ጭስ!

ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ እነሱን አልወቅስም። ግን ስማቸውን ሳትለምድ ይሄዳሉ። አምና የነበሩት የተሻለ ነገር ቃል የገባላቸው ኮሌጅ ዘንድ ተዛውረዋል፤ ያምናዎቹ ተቃራኒዎች ደግሞ ዘንድሮ የእኛ ናቸው። የወንዶቹን ጨዋታ ምሽት ላይ፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ አድርገውታል፤ የሴቶቹን ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ሱቅ ገበያው በደራበት። እሱንም ለመሄድ ስትለብስ "ሰዓቱ ተቀይሯል" የሚል መልእክት ይመጣልሃል። ሁለተኛ ስሄድ ተቀይሮ አገኘሁት፣ ሦስተኛ ስሄድ ማሽኑ ተበላሽቷል ተብሎ ውጭ ቆምኩ። ለሰው የተሠራን ነገር ሰው እንዳይገባበት አድርገው ሲያበቁ "ሕዝቡ የሴት ጨዋታ አይወድም" ይላሉ። የሚያቅለሸልሸኝ ይሄ ነው። እማማ ዛነሌ በምን ቋንቋ ትስቅባቸው ነበር እላለሁ። "እኔ ሁለተኛ እዚያ ሰርከስ አልገባም" ብዬ ማልኩ፤ ወይንሸት ደግሞ እስከዛሬ የማልኩትን ሁሉ ስለምታውቅ ከምንም አልቆጠረችውም።

ወር ሳይሞላ ሰላም አንድ ማታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ሳሎን ገብታ ፊቴ ቆመች።

"አባዬ፣ ዓርብ የመጨረሻችን ነው" አለች።

"ውድድሩ ገና አይደለም እንዴ?"

"ውድድሩ አይደለም፤ ቡድኑ። የስፖርት ማኔጀሩ ሰበሰበን። ዓርብም እንደ እስከዛሬው ባዶ ከሆነ ከርሞ የሴቶች ቡድን የለም፤ አዳራሹን ለጂም ሊያከራዩት ነው።" ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ሰላም በቀላሉ አታለቅስም። "አባዬ ሲሪየስሊ፣ አንተ ድሮ ሰው ታመጣ ነበር አይደል? ሁሌ የምትነግረን? በብርድ ልብስ ምናምን? አንድ ቀን ብቻ አምጣልኝ።"

"እኔ እዚያ ሰርከስ..." ብዬ ልጀምር ስል ወይንሸት ከኩሽና "ብርሃኑ!" አለች። በቃ፤ ጉዳዩ ተወሰነ።

ሰው ከየት ላምጣ? የድሮዎቹ የዓርብ ሰዎች ሁሉ አሁን ያሉት አንድ ቦታ ነው፤ እድራችን ውስጥ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ቡታጅራውም ሆሳዕናውም አዲስ አበቤውም ያለበት እድር ነው፤ ሰብሳቢው እኔ፣ ጸሐፊው ሐጂ ከድር። የዋትሳፕ ግሩፕ አለን። ግሩፑ ሲከፈት ቀልድና ፖለቲካ እየበዛበት ሲያስቸግረን ደንብ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ እንደምን አደራችሁ እንኳ ክልክል ነው። ሰው ሲሞት ብቻ ሰብሳቢው ቦታና ሰዓት ይጽፋል፣ አባል ሁሉ ይደርሳል። የሚደንቀው ደግሞ ይደርሳል። በዚህ አገር ሠርግ የሚቀር አለ፣ ለቅሶ የሚቀር የለም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዕቃ እያስወረድኩ፣ በዚህ ወፍራም አውራ ጣቴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ነገ ዓርብ በአሥር ሰዓት የሰላም ኮሌጅ፣ ስፖርት አዳራሹ። እባካችሁ ማንም እንዳይቀር። ብርሃኑ።" ስለ ጨዋታው መጻፍ አላሰብኩም። ሰላም እዚያ ምን እንደምትሠራ የማያውቅ የለም፤ ስፖርት አዳራሽ ደግሞ ስፖርት ነው።

መልስ የሚጽፍ ጠፋ። የሚደውልም የለም። ስልኬን እያየሁ አመሸሁ፤ ድርቅ ብሎ ቀረ። ጠዋትም ያው። በጣም ነው የተቀየምኩት። በእነዚህ ሰዎች ቤት ስንቱን ድንኳን ተክዬ፣ ስንቱን ሬሳ ከኤርፖርት ሸኝቼ፣ ለልጄ ጨዋታ "እሺ" የሚል አንድ ሰው ይጥፋ? "ተያቸው፣ ሰው ይኸው ነው" አልኳት ለወይንሸት። አጸያፊ ሕዝብ ነን ብዬ ደመደምኩ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሰላም በስልኳ ገዝታ የላከችልንን ትኬት ማሽኑ ላይ አስነካክተን ገባን፤ ከታጠረው ገመድ ጀርባ ተቀመጥን። አዳራሹ ባዶ ነው። ሰላም ስታሟሙቅ ወደ በሩ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ማየት ተወች።

ጨዋታው ተጀምሮ የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል ከጎን በኩል ዕቃ የሚገባበት ትልቁ በር ተከፈተ። መጀመሪያ የገቡት እትዬ አሰለፈች ናቸው፤ የእድራችን የወጥ ቤት ኃላፊ፣ ሁላችንንም ያስተዛዘኑ ሴት። ጥቁር ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ወንዶች፣ ጂፒው በሙሉ፣ ዛንድስፕሩቱ፣ አሌክሳንድራው፣ ከኦሬንጅ ፋርም ሳይቀር። አንዳንዱ የእድሩን ወንበር ተሸክሟል። እትዬ አሰለፈች እጃቸውን ዘርግተው "ሰላምዬ! እኔን አፈር ያስገባኝ! ሰላምዬ!" እያሉ ሲያለቅሱ የዲጄው ሙዚቃ አልቻላቸውም፤ ድምፃቸው ዋጠው። በዚያችው ቅጽበት ሰላም ከተቃራኒዋ እጅ ኳስ ነጥቃ በፊታቸው አልፋ ሮጠች።

እትዬ አሰለፈች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሰላም ዘላ ኳሷን ቅርጫት ውስጥ አስገባች፣ ዞረች፣ ያን ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሕዝብ አየችና እሷም ደንግጣ ቆመች። ከዚያ ያቺ አሮጊት ከልባቸው የወጣ እልልታ አቀለጡት፤ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏቸው። እንዲህ ያለ እልልታ በሠርግ አልሰማሁም፤ ሞታለች ያሏትን ልጅ ስትሮጥ ያዩ ሴቶች እልልታ ነው።

ሐጂ ከድር ላብ በላብ ሆኖ አጠገቤ ተቀመጠ። "ብርሃኑ፣ ማነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?"

"ኑ ብዬ ነዋ።"

"በእድር ግሩፕ ኑ ብሎ ነገር አለ? ማንም እንዳይቀር ስትል፣ የሰላምን ስም ስትጠራ፣ ልጅቷ ሬሳዋ ኮሌጁ አዳራሽ ሊቀመጥ ነው ብለን ሌሊቱን ስናለቅስ ነው ያደርነው! ሐዘንተኛ እንዴት ይደወልለታል ብለን እንኳ ስልክ ከለከልን።" ዝምታቸው ያኔ ገባኝ። የተቀየምኩት ሁሉ ፊቴ ላይ ትኩስ ሆኖ ወጣ። ወይንሸት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ትስቅ ይሁን ታለቅስ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

የተናደደ ነበረ። የዛንድስፕሩት ባለስፓዛ የሆነ አንድ ጎልማሳ ተነስቶ "በዓርብ ገበያ ሱቄን ዘግቼ ነው እኮ የመጣሁት! ለኳስ?" ብሎ ወደ በሩ ሲያመራ እትዬ አሰለፈች ክንዱን ያዙት። "ቁጭ በል! ለሬሳዋ የዘጋኸውን ሱቅ በሕይወት አለች ብለህ ልትከፍት ነው?" ቁጭ አለ። ከተቀመጠም በኋላ ከሁሉ በላይ የጮኸው እሱ ነው። የስፖንሰሩን ገመድ ማን እንደፈታው አላውቅም፤ ጥቁር የለበሱ እናቶች የፊቱን ረድፍ ሞልተው ተቀምጠዋል። ሕጉን የሚያውቅ የለም። ሰላም ኳስ በነካች ቁጥር እልል ይባላል፤ ስትስት እልል፣ ስትወድቅ "እኔን!"፣ ስትነሳ እልል። ዲጄው ሁለት ሦስት ጊዜ ሊወዳደር ሞከረና ማሽኑን አጠፋ። ያኔ ነው ከድር እግሩን መሬት ላይ መደብደብ የጀመረው፤ አየኝና ሳቀ፤ የድሮው የዓርብ ሰው ሁሉ ተቀበለው። "ሃምባ ሰላም! ሃምባ!" አልኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ። ሃያ ዓመት ያልጮህኩትን ጮህኩ፤ ደስ አለኝ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ አልደብቅም። የልጄ ቡድን በአንድ ቅርጫት ልዩነት ተሸነፈ። ከእኛ ሰዎች ያንን ያወቀ የለም፤ ሲያልቅም እልል አሉ።

ሰላም ላቧን ሳትጠርግ ወደ ማኔጀሩ ሮጠች። ማኔጀሩ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ያለ ወጣት ነው፤ ከላይ ካለው የመስታወት ክፍል ታብሌቱን ይዞ ወርዷል። እኔም ከኋላዋ ደረስኩ።

"አየህ? ሞልቷል!" አለችው በእንግሊዝኛ።

"ግሩም ድባብ ነበር" አለ ፈገግ ብሎ። "ቪዲዮ ቀርጸናል፣ ፔጃችን ላይ እንለቀዋለን። ግን ሪፖርቱ የሚሄደው ማሽኑ ባነበበው ትኬት ብዛት ነው።" ታብሌቱን አዞረልን። "በሲስተሙ መሠረት ማንም አልመጣም ማለት ይቻላል። በማሽኑ አላለፉም እኮ። በዕቃ በር ነው የገቡት።"

"አንተ ግን ታያቸዋለህ?" አልኩት።

"እኔማ አያለሁ ሰር።"

"ታዲያስ?"

"ሲስተሙ አላያቸውም።"

ልመታው ነበር፤ ጌታን። በጨዋ ደንብ ነው የተናገረው፤ አልተቆጣም፣ አላላገጠም፣ እንዲያውም ያዘነ መሰለ። ያንገሸገሸኝ ይኸው ጨዋነቱ ነው። ዓይኑ ሥር ጥቁር የለበሱ እናቶች ወንበሮቹን ሞልተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ እሱ ታብሌቱን ደረቱ ላይ አቅፎ "ውሳኔው ከእኔ በላይ ነው" አለ። "ከርሞ ትኬታችሁን በአፕ ብትገዙ..." ብሎ ጀመረና ከርሞ እንደሌለ ትዝ ሲለው ተወው። ሰላም ዞራ ጓደኞቿ ወዳሉበት ሄደች።

ውጭ ስንወጣ የጎኑ በር ላይ ባባ ድላሚኒን አገኘሁት። እኔ ሞቷል ወይ ጡረታ ወጥቷል ያልኩት ሰው የዕቃ በር ዘበኛ አድርገውት ኖሯል፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ቆቡ እጁ ላይ ነው። ለካ የከፈተላቸው እሱ ነው። "ማይ ፍሬንድ፣ የብርድ ልብሱ ሰው፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አለ። "ጥቁር ለብሰው፣ ድስት ተሸክመው፣ እናቶቹ እያለቀሱ ሲመጡ ቀብር መሰለኝ። ለቀብር የመጣን ሰው ደግሞ ትኬት አይጠይቁትም።"

"አልተሳሳትክም" አለው ከድር። "ልክ ነህ ባባ።"

መኪና ማቆሚያው ላይ የእድሩ ፒካፕ፣ እዚህ ባኪ የምንለው፣ ቆሟል። ወንበሮቹ ወርደው ተደርድረዋል፤ እንግዲህ የተጫነ ወንበር መውረዱ አይቀርም። ፀሐይዋ ወርዳ ብርዱ መግባት ጀምሯል። ልጆቹ ላባቸው ሳይደርቅ በስስ ማሊያ ወጥተው ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ቆመዋል። እኔ፣ በጂፒ ሁለት ፎቅ ሙሉ ብርድ ልብስ ያለኝ ሰውዬ፣ መኪናዬ ውስጥ አንድ እንኳ አልያዝኩም። እትዬ አሰለፈች ዝም ብለው ነጠላቸውን አውልቀው ከሁሉ በላይ ለምትንቀጠቀጠው ልጅ ደረቡላትና የትልቁን ድስት ክዳን አነሱ። ለሰላም ቀብር ብለው ቀኑን ሲቀቅሉ የዋሉት ንፍሮ ነው፤ ስንዴና ሽምብራ፣ እንፋሎቱ ገና አልጠፋም። "የተቀቀለ አይደፋም፣ ኑ ብሉ" አሉና በየእጃቸው ይዘግኑላቸው ጀመር።

ሌራቶ የምትባለው፣ ነጠላ የተደረበላት ልጅ፣ አንድ ጊዜ ቅማ ወደደችው። "ይሄ ምንድን ነው? መቼ ነው የሚበላው?" አለቻት ሰላምን።

ሰላም አፏን ሞልታ እያላመጠች ነበር። አየችኝ። ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞረች፤ መብራቱን በየተራ እያጠፉት ነው።

"ቀብረን ስንመለስ" አለቻት።

ሌራቶም ወደ አዳራሹ ዞራ አየች። የመጨረሻው መብራት እስኪጠፋ ቆየችና ባዶ እጇን ለእትዬ አሰለፈች ዘረጋች። እሳቸውም እፍኝ ሙሉ ጨመሩላት።